ወደ ግሼ የሚሄደው ደብተር

*ከጠመኔ ወደ ስልክ፣ ከስልክም ወደ ቀይ እስክሪብቶ የተመለሰ አንድ የመንዝ መምህር ስለ ሩቅ ትምህርት፣ ስለ ጽሕፈትና ስለ ዕለት ኑሮ*

በኅዳር ማለዳ፣ ፀሐይ ከቆላው ጭጋግ ገና ሳትላቀቅ፣ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ የድንጋዩ ካብ እጅ እስኪያደነዝዝ ድረስ ሲቀዘቅዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ባለች አንዲት ጉብታ ላይ በርኖስ የደረቡ፣ ጋቢ የተከናነቡ፣ ባና የተጠቀለሉ አሥር ያህል ሰዎች ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ መልሰው ቆመው ይታያሉ። ለአገሩ እንግዳ የሆነ መንገደኛ ኪዳን የሚያደርሱ ምእመናን ሊመስሉት ይችላሉ። በየእጃቸው ያለው ግን ስልክ ነው፤ የሚጠብቁትም ኔትወርክ ነው። የበግ ነጋዴው የደብረ ብርሃንን ገበያ ዋጋ ይጠይቃል፤ አንዲት እናት ከዐረብ አገር ልጇ የላከችላትን ድምፅ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ደጋግማ ታዳምጣለች፤ ሁለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀት እያወረዱ፣ በመስታወቱ ላይ የሚዞረውን ክብ ምልክት ትንፋሻቸውን ውጠው ይመለከታሉ።

እኔም ከቆሙት አንዱ ነኝ። በ1974 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ በግሼ ከአንድ ክፍል ፊት ከቆምሁበት ቀን ጀምሮ፣ በመርሐቤቴ ቆላ ዳርና በመንዝ ደጋ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ፣ የጡረታዬ ደብዳቤ ከደረሰኝ በኋላ ልጆቹ መጠየቅ ስላላቆሙ፣ ዛሬ ደግሞ ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸውን ተማሪዎች በስልክ አስተምራለሁ።

ከሙዚቃ ቤት እስከ ምድጃው ዳር

የሩቅ ትምህርት ሲባል የከተማ ሰው በዐይነ ሕሊናው የሚመጣለት በአንድ መስታወት ላይ በየክፈፉ የተደረደሩ የተማሪዎች ፊትና በፊታቸው የሚናገር መምህር ነው። በእኛ ዘንድ የነገሩ አካሄድ ሌላ ነው። እኔ ትምህርቱን ማታ በመስመር ወረቀት ላይ በእጄ እጽፋለሁ፤ ጠዋት ብርሃን በመስኮት ሲገባ በስልኬ ፎቶ አነሣዋለሁ፤ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ ቮይስ እጨምርበታለሁ፤ ጉብታው ላይ ወጥቼም በቴሌግራም እለቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ የእግር ጉዞ ነው። የአንዱ ተማሪ ታላቅ ወንድም ለገበያ ከተማ ሲገባ ወደ ሙዚቃ ቤት ጎራ ይላል፤ ባለ ሱቁም ትምህርቱን አውርዶ በሚሞሪ ይጭንለታል። ያቺ ከጥፍር የማትበልጥ ሚሞሪ በመሀረብ ተቋጥራ፣ ከጨውና ከቡና ጋር ተጉዛ፣ ሲመሽ ከአንድ የድንጋይ ቤት ትገባለች። እዚያም በጣሪያው ላይ በተተከለች ትንሽ ሶላር የተሞላ አንድ የቤተሰብ ስልክ አለ፤ ልጁ በጎቹን ካስገባ በኋላ፣ የኩበቱ ጢስ ሲቀልል፣ ምድጃው ዳር ተቀምጦ የእኔን ጽሕፈት ያነባል።

የሙዚቃ ቤቱን ባለቤት፣ አንድ ፈገግታው የማይለየው ወጣት፣ ስለዚህ ሥራው ጠይቄው ነበር። ቀድሞ የሚጭነው የሠርግ ዘፈንና መዝሙር ብቻ እንደ ነበረ፣ አሁን ግን «ትምህርት ጫንልኝ» የሚለው ደንበኛ እየበዛ እንደ መጣ፣ እርሱም ለዘፈን የሚያስከፍለውን ለትምህርት እንደማያስከፍል ነገረኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው አንገቱን አቀርቅሮ ከዘጠነኛ ክፍል ማቋረጡን ብቻ መለሰልኝ። እኔም ከዚያ አልፌ አልጠየቅሁትም።

ስልኩ አንድ፣ ፈላጊው ብዙ በሆነበት ቤት ተራ ማስያዝ የግድ ነው። አባት ለዋጋ መጠየቂያ፣ እናት ከሩቅ ልጇ ጋር መነጋገሪያ፣ ልጅ ለትምህርት ይሻዋል። ይህን ሳስብ የጓሳ ነገር ትዝ ይለኛል። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን፣ የአጽመ ርስት ባለመብቶች በጋራ እየጠበቁት፣ አንዳንድ ጊዜ ለሦስትና ለአምስት ዓመት ዘግተው፣ ሲከፈትም በሥርዓት እያጨዱ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አቆይተውታል፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ አሮጌው ሥርዓት ከፈረሰ በኋላም ሕዝቡ በአዲስ ደንብ መልሶ ይጠብቀዋል። እንግዲህ የጋራ ነገርን በተራ መጠቀም ለዚህ ሕዝብ ባዕድ ዕውቀት አይደለም። አንዲት እናት ለስልኩ ሕግ አውጥተው አገኘኋቸው፦ ከእራት በኋላ ያለው ሰዓት የልጅቱ ነው፤ አባቷም ቢሆኑ አይነኩባትም። «መምህር፣ ባትሪው የሷ ነው፣ ካርዱ የኛ ነው» አሉኝ።

ፊት የሌለው ክፍል

ወጣት ባልደረቦቼ ይህን ሁሉ አዲስ ነገር አድርገው ያዩታል። እኔ ግን መምህሩ ሳይኖር ትምህርት ሲሰጥ ሳይ ይህ ሦስተኛዬ ነው።

የመጀመሪያው ሬዲዮ ነበር። በግሼ ሳለሁ የትምህርት በሬዲዮ ፕሮግራም ሰዓቱ ሲደርስ ተቀባዩን በጠረጴዛ ላይ አኑሬ፣ ልጆቹን ዙሪያውን አስቀምጬ፣ ከሩቅ የሚመጣውን ድምፅ አብረን እንሰማ ነበር። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን ጥቂት ቀን እንዲያገለግለን እናደርገዋለን። ሬዲዮው ጥያቄ ጠይቆ ለመልሱ ጥቂት ዝም ሲል፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይመልሱለትና፣ የተሳሳተ ቢመልሱም እርሱ ግን «ደግ ብላችኋል» ብሎ ያልፋል። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ዘወር ይላሉ። ያቺ የመዞር ቅጽበት የእኔ ክፍለ ጊዜ ነበረች፤ ሬዲዮው ያልሰማውን ስሕተት ሰምቼ የማቀናው እኔ ነበርሁና።

ሁለተኛው በ1997 ዓ.ም. የመጣው የሳተላይት ትምህርት ነው፤ ሕዝቡ በመሣሪያው ስም ፕላዝማ ብሎ የጠራው። በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው የእንግሊዝኛ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ገጽ ይተላለፍ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ይህን ልክድ አልወድም። ላቦራቶሪ በሌለበት አገር ሙከራን በዐይን ማሳየት፣ የገጠሩን ልጅ ከከተማው ልጅ ጋር በአንድ ማዕድ ማስቀመጥ ቀላል በጎነት አይደለም። ነገር ግን የክፍለ ጊዜው ደቂቃ አብዛኛው ለመስታወቱ፣ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው የምትተርፈው ጥቂት ደቂቃ ለመምህሩ ሆነች። ማሳያው እጅግ ፈጣን ነበር፤ ልጁ የመጀመሪያውን መስመር ገልብጦ ቀና ሲል ሦስተኛው ምሳሌ ተፈጽሟል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያ ትምህርት ጠፋ ማለት ነው፤ ሳተላይቱ መንዝን አይጠብቅምና። አስተምርበት የነበረ አንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር በክፍል ውስጥ በስርጭቱ መካከል ተነሥቼ ማብራራቴን እንደ ጥፋት ቆጥሮ የጻፈብኝን ማስጠንቀቂያ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ቂም ይዤበት አይደለም። በዚያ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ በዚያኑ ቀን፣ ልጆቹ ያልገባቸውን ነገር ሁሉ በዝርዝር ጽፌበት ስለ ነበር ነው። የጽሑፍ ትምህርት መጻፍ የጀመርሁት ያን ዕለት ነው።

> ሬዲዮው ያልሰማውን ስሕተት የሚሰማ፣ መስታወቱ ያላየውን ግራ መጋባት የሚያይ ሰው በክፍሉ ውስጥ መኖር ነበረበት።

ሦስተኛው ኮሮና ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ይዘጉ በተባለ ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት መስሎን ጠመኔውን እንኳ ሳንሰበስብ ወጣን። ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይቀጥላል ተባለ። በአዲስ አበባ ምናልባት ቀጥሎ ይሆናል። በእኛ ዘንድ ወንዶቹ ወደ በጎቹና ወደ ሞፈሩ፣ ሴቶቹ ወደ ውኃውና ወደ ወፍጮው ሄዱ፤ ከሴቶቹም መካከል በዚያው ሳይመለሱ ወደ ትዳር የገቡ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ስም ስጠራ «የለችም» የሚለው መልስ በተደጋገመ ቁጥር እጄ ላይ ያለው የስም መጥሪያ ይከብደኝ ነበር። ስለ ቴሌግራም የማሰብ ነገር በእኔ ዘንድ የመጣው ከቴክኒክ ፍቅር ሳይሆን ከዚያ «የለችም» ከሚል ቃል ነው።

ሰም የሌለበት ወርቅ

አሁን ለመናገር ወደምሻው ዋና ነገር ደረስሁ። በሩቅ ትምህርት ስም ብዙ ነገር ተሞክሯል፤ ድምፅም፣ ምስልም። በእኔ ፍርድ ግን መምህሩ በሌለበት ተማሪውን ጠብቆ የሚቆየው ጽሑፍ ብቻ ነው። ድምፅ ያልፋል፤ ምስል ዳታ ይበላል፤ የተጻፈ ገጽ ግን ልጁ በጎቹን አስገብቶ እስኪመለስ ድረስ በቦታው አለ፤ ያልገባውን መስመር አሥር ጊዜ ቢመለስበት አይሰለችበትም።

ይህንም የነገሩኝ የውጭ አገር ሊቃውንት አይደሉም። በልጅነቴ ፊደል የቆጠርሁት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በአንዲት የወይራ ዛፍ ሥር፣ ከአንድ የኔታ ዘንድ ነው። አቡጊዳውን ጨርሰን ወደ ንባብ ስንሻገር በመጀመሪያ የተሰጠን መልእክተ ዮሐንስ ነበር። ስንትና ስንት ዓመት በቁጥርና በውርድ ንባብ ስናነብነብ ከኖርን በኋላ ነው፣ ለካ የመጀመሪያው መጽሐፌ ደብዳቤ ኖሯል ብዬ የተገነዘብሁት። በእድሜ የገፋ መምህር ከሩቅ ላሉ ደቀ መዛሙርቱ የጻፈው ደብዳቤ! ቅዱስ ጳውሎስም ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያናችን አሥራ አራት ብላ የምትቆጥራቸውን መልእክታት የጻፈው ርቀው ላሉ ምእመናን፣ አንዳንዶቹንም በእስር ሳለ ነው። እንግዲህ የሩቅ ትምህርት በኤሌክትሪክ አልተጀመረም።

ስለ ንባብ ቤት የማወጋቸው አንድ አዛውንት ቄስ ግን በዚህ አይስማሙም። ሕፃን የሚማረው ከየኔታው አፍ ነው፣ ከንፈሩን እያየ ነው፣ ሲሳሳት ወዲያው እየተመለሰ ነው ይላሉ፤ ያለ አስነባቢ የተነበበ ዳዊት ጣዕሙ ይጠፋል ሲሉም ያክላሉ። ክርክራችን ረጅም ነው፤ ከቁርባን በኋላ ተጀምሮ እስከ ቡና ይዘልቃል። እኔም ዜማንና ንባብን በጽሑፍ አስተምራለሁ የማለት ድፍረት የለኝም። እርሳቸው ግን አንድ ቀን፣ ክርክሩ መካከል፣ ሐዋርያው ዮሐንስ ራሱ በሁለተኛይቱና በሦስተኛይቱ መልእክቱ መጨረሻ ብዙ የሚጻፍ ነገር እያለው በቀለም ከመጻፍ ይልቅ መጥቶ ፊት ለፊት መነጋገርን እንደ መረጠ አስታወሱኝ። መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬም አልመለስሁላቸውም።

የጽሑፍ ትምህርት ከባዱ ክፍሉ ግን ከዚህ ይመጣል። እኛ በዚህ አገር ያደግን ሰዎች የምንደነቀው ኅብር ባለው አነጋገር ነው። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ መንዝ ድረስ መጥቶ ሕዝቡን አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ያለው በከንቱ አይደለም። ቅኔ የተቀኘ ሰው ምሥጢሩን በሰም ሸፍኖ ሰሚው እንዲያቀልጠው ይተወዋል፤ ክብሩም በዚያ ነው። ብቻውን ምድጃ ዳር ለተቀመጠ ልጅ ሒሳብ የሚጽፍ መምህር ግን ሰሙን ሁሉ ከጽሑፉ ማራቅ ይገባዋል። ወርቁን ብቻ፣ ያውም ገላልጦ፣ መስጠት አለበት።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ልጅ ግማሽንና ሲሶን ደምር ቢባል፣ የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው ደምሮ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ይጽፋል። በክፍል ውስጥ ይህን ለማየት ትከሻው ላይ ማጎንበስ ይበቃል። በሩቅ ግን ስሕተቱ ከመሠራቱ በፊት በወረቀቱ ላይ መገኘት አለብህ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «እናትሽ ግማሽ ቁና ገብስ ሰፈረች፤ ቀጥላም የቁና ሲሶ ጨመረች። መልስሽ 2/5 ከሆነ፣ 2/5 ከግማሽ ያንሳል። ጨምራ ሳለ እንዴት አነሰባት? ቁናውን በስድስት እኩል ክፈይው፤ ግማሹ ሦስት እጅ ነው፣ ሲሶው ሁለት እጅ ነው፤ አሁን ቁጠሪ።» ይህቺን ስድስት መስመር የማትሞላ ማብራሪያ ለመጻፍ ሦስት ማታ ፈጅቶብኛል። በአርባ ዓመት ውስጥ ያንን ስሕተት በስንት መቶ ደብተር ላይ በቀይ ሰርዤዋለሁ፤ ለምን እንደሚሠራ ግን እስክጽፈው ድረስ አላሰብሁም ነበር።

> ስሕተቱ ከመሠራቱ በፊት በወረቀቱ ላይ መገኘት አለብህ።

እንዲህ ያለውን ገላጣ ጽሕፈት የተማርሁት ከትምህርት ቤት አይደለም። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ገና ተማሪ ሳለሁ ዘምቼ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥሬ ነበር። ከዚያም በኋላ መምህር ስሆን፣ ልጆቻቸው ወደ ጦር ሜዳ የሄዱባቸው እናቶች ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ይመጡ ነበር። እኔም በወጣትነት ትዕቢት ቃላቸውን አሳምሬ፣ በግእዝ አስጊጬ እጽፍ ነበር። አንዲት እናት የጻፍሁትን አስነብበውኝ ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ይሄ መልካም ነው፤ እኔ ግን እንዲህ አልልም፤ ላሟ ወልዳለች በልልኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ጽፌ ስጨርስ ላሟ መውለዷ ተነግሮ እንደ ሆነ እመረምራለሁ።

መርሐቤቴ ሳስተምር ደግሞ ልጆቹን የማኮራበት አንድ ስም ነበረኝ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ። ከዚያ ከጀማና ከወንጪት ሸለቆዎች ከተከበበ አገር የተወለደ ሰው፣ በአማርኛና በግእዝ የተጻፉትን መጻሕፍት በካታሎግ ሰብስቦ፣ ወደ ጃፓን ተጉዞ ያየውን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብሎ ለወገኑ ጽፎ፣ ማተሚያ ቤት አቋቁሞ፣ በመጨረሻም በስደት በእንግሊዝ አገር ማረፉን ስነግራቸው፣ የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ልጆች ሸለቆውን በሌላ ዐይን ያዩት ነበር። አንዱ ልጅ «እሱ ጃፓን ሲሄድ ገደሉን በምን ተሻገረው?» ብሎ የጠየቀኝን አልረሳውም። በእግርና በበቅሎ ነው አልሁት። ልጁም በቃው።

ጉብታው ዝም ያለበት ዘመን

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሞላሌና መዘዞ በደረሰ ጊዜ ደብተሩን ጥሎ የሸሸ ልጅ ብዙ ነው። ከዚያ ገና ሳናገግም፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ፣ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ለብዙ ወራት ጉብታው ላይ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ልማድ ሆኖብኝ አንዳንድ ማለዳ ወጥቼ እቆም ነበር፤ የምሰማው ነፋሱንና ከገደሉ አፋፍ የሚንጫጩትን ጭላዳዎች ብቻ ነበር። በብዙ ስፍራ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ነበርና፣ ያ ሁሉ የቴሌግራም ድካማችን በአንድ ሌሊት እንደ ጤዛ ረገፈ።

ስለዚያ ዘመን ብዙ መናገር አልሻም፤ ቁስሉ ገና ትኩስ ነው፤ ከእኔ የባሰ ያዘነም ብዙ ሰው አለ። የምናገረው ስለ ደብተሩ ብቻ ነው።

ጽሑፎቹ በእጄ ነበሩ። ከስልክ በፊት በወረቀት የተጻፉ በመሆናቸው ኔትወርኩ ሲጠፋ አልጠፉም። ስለዚህ በካርቦን ወረቀት እያባዛሁ፣ ከሃምሳ ገጽ ደብተር ጋር እየጠረዝሁ፣ ወደ ገበያ በሚመጡ ሰዎች መላክ ጀመርሁ። ደብተሩ ሁለት ክፍል ነበረው፤ በግራ ገጽ የእኔ ማብራሪያና ጥያቄ፣ በቀኝ ገጽ የልጁ መልስ። መልሱ ተሠርቶ ሲመለስ በቀይ አርሜ፣ በኅዳጉ ላይ ቃል ጽፌ መልሼ እልከዋለሁ። ደብተሮቹን በግ የሚነዱ ገበሬዎች፣ ዝክር የሚያደርሱ ካህናት፣ ጠጉር የሚሸጡ ሴቶች ተሸክመዋቸዋል። አንዳንዱ ደብተር በዝናብ ርሶ፣ አንዳንዱ ቅቤ ነክቶት መጣ። ሁለቱ ሳይመለሱ ቀሩ።

አንድ ወጣት ባልደረባዬ፣ በኮምፒዩተር ዕውቀቱ የማደንቀው፣ ይህን ሲያይ ወደ ኋላ መመለስ ነው ብሎ ተከዘ። ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። የቴሌግራሙ ዓመታት በደንብ መጻፍን ባያስተምሩኝ ኖሮ እነዚያ ደብተሮች ባዶ ይሆኑ ነበር፤ በስልክ የላክሁትን ሁሉ ልጆች ሲጠይቁኝ፣ ያልገባቸውን በቮይስ ሲነግሩኝ፣ ጽሑፌን ከዓመት ዓመት እያቀናሁ ስለ መጣሁ ነው ያለ ኔትወርክ መቆም የቻለው። አሁን ኢንተርኔቱ ተመልሷል፤ እኔም ወደ ጉብታው ተመልሻለሁ። ደብተሩን ግን አልተውሁም። የስልኩን ትምህርት የሚጭነው ሙዚቃ ቤት፣ ደብተሩን የሚሸከመው ገበያተኛ ነው።

ዛሬ የዕለት ኑሮዬ በዚህ የተከፈለ ነው። ጠዋት ጉብታው፤ ከዚያ ጥቂት በጎቼን እለቃለሁ፤ ባለቤቴ ጠጉር ስትፈትል እኔ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ደብተር አርማለሁ። እርሷ ፊደል የቆጠረችው በዘመቻው ነው፤ የጻፍሁትን ሁሉ አስቀድሜ የማነብላት ለእርሷ ነው። እንዝርቷ ከቆመ ያ ዐረፍተ ነገር አልገባትም ማለት ነው፤ እሰርዘዋለሁ። በውጭ አገር ያሉ ቀድሞ ያስተማርኋቸው ልጆች አንዳንድ ጊዜ ደውለው «ጋሼ፣ ይህን ዘመናዊ ፕሮግራም ለምን አትሞክርም?» ይሉኛል፤ ልጆቻቸውንም አማርኛ እንዳስተምርላቸው ይለምኑኛል። ለእነርሱም ፊደሉን በእጄ ጽፌ እልካለሁ። አንዱ አባት ልጁ የእኔን «ሐ» እያየ መጻፍ እንደሚወድ፣ ከታተመው ይልቅ የእጅ ጽሑፉ ሰው ያለበት መስሎ እንደሚታየው ነግሮኛል።

የግሼዋ ልጅ

በእነዚያ ጨለማ ወራት ከሁሉ ይልቅ በጊዜው የሚመለስልኝ ከግሼ የምትልክልኝ የአንዲት ልጅ ደብተር ነበር። ሒሳቧ ጠንካራ ነው፤ የቁናው ጥያቄ ከገባቸው የመጀመሪያዎቹ እርሷ ነበረች፤ ከዚያም አልፋ፣ ቁናው በስድስት ሳይሆን በዐሥራ ሁለት ቢከፈልስ ብላ በኅዳጉ ላይ ጠይቃኝ ነበር። አንድ ጉድለት ግን ነበረባት። ገጿ ሁልጊዜ የተለቀለቀ ነው። ቀለሙ ከግራ ወደ ቀኝ ተጠርጎ፣ ቁጥሮቹ በሰማያዊ ጥላ ተሸፍነው ይመጣሉ። እኔም በእያንዳንዱ ደብተር መጨረሻ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ሥራሽ መልካም ነው፤ ንጽሕና ጠብቂ» እያልሁ እጽፍ ነበር። በአንዱ ላይማ ከዚህም አክርሬ፣ ጥንቃቄ የጎደለው እጅ ጥሩ አእምሮን ያሳማል የሚል ቃል ጨምሬበታለሁ። እርሷም በመልሷ አንድ ጊዜም ስለዚህ ነገር አልጻፈችም። ብቻ ገጹ እንደ ቀድሞው ተለቅልቆ ይመጣ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ በገበያ ቀን፣ አንድ ሰው ከአንዲት ነጠላዋን አጣፍታ ከለበሰች ቀጭን ልጅ ጋር በራፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አባትዮው «መምህር፣ ይህቺ ልጅዎ ናት» አሉኝ። ስሟን ስትነግረኝ ከደብተሩ አወቅኋት፤ መልኳን ግን የትም ባያት አላውቀውም ነበር። እጅ ነሥታ ቆመች፤ እንደ ገጠር ልጅ ወግ መሬት መሬት ታያለች። ገብተው ተቀመጡ፤ ቡና ተፈላ። የመጣችው የመጨረሻው ደብተር ላይ ያልገባት አንድ ጥያቄ ስለ ነበር ነው፤ አራተኛው።

ደብተሩን ዘረጋሁላት፤ እስክሪብቶም ሰጠኋት። በግራ እጇ ተቀበለችኝ።

ከዚያም መጻፍ ጀመረች። አማርኛውም ሒሳቡም ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የእርሷም እጅ ቀለሙን እየተከተለ፣ ገና ሳይደርቅ እየጠረገው፣ የጻፈችውን ሁሉ በመዳፏ ዳር እያለቀለቀ አለፈ። መዳፏ ዳር ሰማያዊ ነበር፤ የቆየ ሰማያዊ፣ ታጥቦ የማይለቅ። ግራኝ ናት። ስንት ወር ሙሉ በቀይ የጻፍሁባት ያ ቃል በዐይኔ መጣ፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።

«ልጄ፣ ለምን አልጻፍሽልኝም?» አልኋት።

«ጋሼ፣ ጥያቄ አልነበረማ» አለችኝ።

ደብተሩን ወደ ቀኝ አዘንብዬ፣ የላይኛው ማዕዘን ወደ እርሷ ቀኝ እንዲያጋድል አድርጌ አስቀመጥሁላት፤ እጇም ከመስመሩ በታች እንዲሆን አሳየኋት። አንድ ቁጥር ጻፈች። ቀለሙ አልተነካም። ቀና ብላ አባቷን አየች፤ ከዚያም አጎንብሳ ወደ አራተኛው ጥያቄ ተመለሰች።